ጥንቸል የተቀረጸባት የዌልስ ቤተክርስቲያን፦ ስለ ፔናንት ሜላንገል የተጠየቀ ጥያቄና መልሱ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከበርሚንግሃም ተነስተን ወደ ሰሜን ዌልስ ስንሄድ፣ ላንገኖግ የምትባል መንደር ደርሰን አንድ ጠባብ መንገድ ተከትለን ገባን። መንገዱ አንዲት ትንሽ ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ አበቃ። መንደር የለም፣ በግ ብቻ ነው። ውስጡ ግን ትልቅ የቅድስት መቃብር አለ፣ ጥንቸል የተቀረጸበት እንጨት አለ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ግዙፍ አጥንት። ጥንቸል ቤተክርስቲያን ውስጥ ምን ትሠራለች? ታሪኩስ እውነት ነው? ሰው በሌለበት ሸለቆ ይህን ሁሉ ማን ሠራው?»

እድለኛ ኖት። ብዙ ሰው ላንገኖግ ላይ ቡና ጠጥቶ ያልፋል እንጂ ወደዚያ ሸለቆ አይገባም። የገቡባት የፔናንት ሜላንገል አጥቢያ ናት፤ ፖዊስ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ በቤርዊን ተራሮች ስር፣ የታናት ወንዝ ከሚነሳበት አካባቢ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከአጥንቱ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። በዌልስኛ «የግዙፏ ሴት ጎን» ይሉታል። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በጥንት ዘመን እዚያ ተራራ ላይ የኖረች ግዙፍ ሴት ነበረች፣ የእሷ የጎን አጥንት ነው ይባላል። አንዳንዱም የራሷ የቅድስት ሜላንገል ነው ይል ነበር። አጥንቱ የዓሣ ነባሪ ነው። ባሕር ከዚያ ሸለቆ ሩቅ ስለሆነ ማን ተሸክሞ እንዳመጣው ማሰቡ ራሱ ደስ ይላል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እንዲህ ዓይነት ጉድ የሚያሰኝ ነገር ቤተክርስቲያን ውስጥ መስቀል የተለመደ ነበር፤ ሰው ለማየት ይመጣላ።

አሁን ወደ ጥንቸሏ። ገድሉ የሚለው እንዲህ ነው። ሜላንገል የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ ናት። አባቷ ለአንድ መኳንንት ሊድራት ሲነሳ፣ ድንግልናዋን ለእግዚአብሔር ሰጥታ ስለነበር ባሕር ተሻግራ ጠፋች። እዚያ ሸለቆ ውስጥ የወንድ ፊት ሳታይ 15 ዓመት ኖረች። የምትተኛው ድንጋይ ላይ ነው፤ ከቤተክርስቲያኗ ማዶ ባለው ገደል ላይ «የሜላንገል አልጋ» የሚባል ጠፍጣፋ አለት ዛሬም ያሳያሉ። በ604 የፖዊሱ መስፍን ብሮኽዌል ለአደን ወጣ። ውሾቹ አንዲት ጥንቸል አስነስተው እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተቷት። መስፍኑ ተከትሎ ሲገባ አንዲት ቆንጆ ልጅ ቆማ ትጸልያለች፤ ጥንቸሏም በቀሚሷ ጫፍ ስር ተሸሽጋ ፊቷን ወደ ውሾቹ አዙራለች። «ያዟት! ያዟት!» አለ መስፍኑ። ውሾቹ ግን እየጮሁ ወደ ኋላ ሸሹ። አዳኙ ቀንዱን ሊነፋ አፉ ላይ ቢያደርገው እዚያው ተጣብቆ ቀረ።

ብሮኽዌል ነገሩ ገባው። ታሪኳን ጠየቃት፣ ነገረችው። ከዚያ ሸለቆውን በሙሉ ሰጣት፤ ለሸሸ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ለዘላለም መማጸኛ እንዲሆን። እሷም እመ ምኔት ሆና ደናግል ሰብስባ ሌላ 37 ዓመት ኖረች። ጥንቸሎችም እንደ ቤት እንስሳ ከአጠገቧ አይጠፉም ነበር ይላል። በዌልስኛ ጥንቸልን «የሜላንገል በግ» የሚሏት ከዚህ ነው።

እውነት ነው ወይ? እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል፦ ጽሑፉን፣ ድንጋዩንና ከመሬት በታች ያለውን። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሦስቱን አንድ ላይ ሲያማታቸው ነው።

ጽሑፉ በላቲን የተጻፈ አጭር ገድል ነው። የተጻፈው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ16ኛው መጀመሪያ እንደሆነ ይገመታል። ቅድስቲቱ ኖረችበት ከተባለው ዘመን 900 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ማለት ነው። ገድል ከቅዱሱ ዘመን ብዙ ቆይቶ መጻፉ ለእኛ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ የእኛም አገር ስንቱ ገድል እንዲሁ ነው። ግን ቀኑም አይገጥምም። የብሮኽዌል የልጅ ልጅ ሴሊቭ በ616 አካባቢ በቼስተር ጦርነት ሞቷል፤ እሱም ያኔ ንጉሥ ነበር። ታዲያ አያቱ በ604 ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጥንቸል ያሳድድ ነበር ማለት ትንሽ ይከብዳል። ብሮኽዌል የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው ቢባል ይሻላል። የገድሉ ጸሐፊ 604ን ከየትም ያምጣው፣ እኔ ብዙ አልመካበትም።

ታዲያ ገድሉ ለምን ተጻፈ? የእኔ ንባብ ይህ ነው፦ ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የመሬት ሰነድ ነው። ይህ ሸለቆ መማጸኛ ነው፣ የሰጠውም የፖዊስ መስፍን ነው፣ ማንም ሊነካው አይችልም ይላል። መጨረሻው ላይ ደናግሉን ሊደፍር የሞከረ አንድ ሰው በክፉ አሟሟት ድንገት እንደሞተ ይጨምራል። ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። በዌልስ የጥንት ሕግ ቤተክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የገባ ሸሽቶ አደር ጥበቃ ነበረው፤ ጥበቃው እስከየት እንደሚደርስ ደግሞ የሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። እንዲህ ባለ ጭቅጭቅ ቀሚስ ስር የተሸሸገች ጥንቸል ከአሥር ገጽ ክርክር ትበልጣለች። ጥንቸሏ እዚያ እንጨት ላይ የተቀረጸችው ስለምታምር ብቻ አይደለም። አጥቢያው መብቱን የሚያሳይባት ማኅተም ናት።

ያዩት የእንጨት ሥራ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባሉጥ ግርዶሽ ነው፤ ቅድስቱን ከሕዝቡ መቆሚያ የሚለይ። ቀረብ ብለው ካላዩት ያመልጣል፤ ምስሎቹ ትንንሾች ናቸው፣ ከላይ ባለው ጠርዝ ላይ በቅጠልና በሐረግ መሀል ተሰድረዋል። መስፍኑ ፈረስ ላይ ነው። አዳኙ ቀንዱን ከአፉ ማላቀቅ አቅቶታል። ሜላንገል የእመ ምኔት በትር ይዛ ተቀምጣለች። ጥንቸሏ ወደ እሷ ትሮጣለች፣ ውሻው ከኋላ። ጠራቢው የተራቀቀ ሰው አልነበረም፤ ፈረሱና ሰውየው አይመጣጠኑም። ነገር ግን ማንበብ የማይችል ገበሬ ቀና ሲል ሙሉ ታሪኩን ያገኘዋል።

ስለ መቃብሩ ስናወራ ዘመኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያ ትልቅ የድንጋይ ሥራ፣ ዓምዶች ተሸክመውት ከላይ እንደ ቤት ጣሪያ የሾለው፣ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በዘመኑ ሮማንስክ በሚባለው የአሠራር ስልት የተሠራ ሲሆን፣ በሰሜን አውሮፓ እንዲህ ተርፎ ከቆየው የዚህ ዓይነት የቅዱሳን አጽም ማረፊያ ሁሉ ቀዳሚው እንደሆነ ይነገርለታል። ማን አሠራው ለሚለው፣ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት የአካባቢው ጌታ በነበረው በሪሪድ ፍላይዝ ላይ ነው። ቅጽል ስሙ «ተኩላው» ማለት ነው። ታላቁ የዘመኑ ገጣሚ ኪንዴልው አወድሶታል፣ ሲሞትም አልቅሶለታል፤ የፔናንት ጌታ መሆኑንም ግጥሙ ይጠቅሳል።

«ሰው በሌለበት» ያሉት እዚህ ጋ ይታረም። በዚያ ዘመን በዌልስ ተራራማው ክፍል ሰው በአንድ መንደር ተሰብስቦ አይኖርም ነበር። ቤቱ በየሸንተረሩ የተበተነ ነው። አጥቢያ ማለት ይህ ሁሉ የተበተነ ሕዝብ ለጥምቀትና ለቀብር የሚመጣበት ቦታ ነው፤ ቤተክርስቲያኗ ከመንደር ውጭ መሆኗ አይግረምዎት። ላንገኖግ ራሷ ያደገችው ኋላ ነው፤ በ1692 የእርሳስ ማዕድን ሲገኝባትና ቀጥሎም የጣሪያ ድንጋይ ሲፈለጥባት። ከዚያ በፊት ቅድስት ያላት ፔናንት ከላንገኖግ የምታንስ አልነበረችም። ተሳላሚ ይመጣል፣ መባ ይሰጣል፣ መቃብሩም ያንን ለመቀበል ነው የተሠራው። ከመንበሩ ጀርባ ያለችው ግማሽ ክብ ክፍል በዌልስኛ «የመቃብሩ ክፍል» ትባላለች።

ከመሬት በታች ያለው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። በ1958 እና ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቁፋሮ ተካሂዷል። በዚያች ግማሽ ክብ ክፍል ወለል ስር መቃብር ተገኝቷል፤ ሕንፃው የተሠራው እሱን ታሳቢ አድርጎ ይመስላል። ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንፃ የሚቀድሙ ሌሎች መቃብሮችም አሉ። ከዚያ ሁሉ በታች የነሐስ ዘመን ሰዎች ሬሳ ያቃጠሉበት ምልክት ወጥቷል። ክርስትና ከመምጣቱ ከሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ስለዚህ ለጥያቄዎ ያለኝ መልስ፦ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት እዚያ ቦታ ላይ የተከበረ ሰው ተቀብሯል፤ ያ ሰው የአየርላንድ ልዕልት ነበረች ወይ የሚለውን ግን ድንጋይ አይናገርም።

ቅጽሩ ክብ መሆኑንና ዙሪያውን ያሉትን ጥቋቁር ዛፎች ሳያዩ አይቀሩም። የው የሚባሉ ዛፎች ናቸው። አስጎብኚ ጽሑፎች 2000 ዓመት ይሏቸዋል። እኔ ቁጥሩን አልደግመውም። የው ሲያረጅ ውስጡ ስለሚቦረቦር ቀለበቱን ቆጥሮ ዕድሜ ማውጣት አይቻልም፤ የሚቀረው ከውፍረቱ መገመት ነው። በጣም አሮጌ ናቸው፣ በዚህ እንስማማ።

ቤተክርስቲያኗ ውስጥ ተጋድመው ያሉት ሁለት የድንጋይ ሰዎች የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። ሴቷን ሜላንገል ይሏታል። ወንዱን ደግሞ የዌልሱ ልዑል የታላቁ ልወሊን አባት፣ «አፍንጫ ሰባራው» ዮርወርዝ ነው ይላሉ። ዮርወርዝ የሞተው በ1174 ገደማ ስለሆነ ድንጋዩ ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘገያል። አፈ ታሪክ ባለቤት የሌለው መቃብር አይወድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ለእኔ ከጥንቸሏ ይልቅ የሚጥመኝ ይህ ነው። ያ መቃብር ለምን ተረፈ?

በ1538 የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ ስምንተኛ ዋና ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል ለአጥቢያዎች ሁሉ ትእዛዝ አወጣ። ሕዝብ ለመሳለም የሚሄድባቸው ምስሎች ይነሱ አለ። የቅዱሳን አጽም ማረፊያዎች በአገሩ ሁሉ መፍረስ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ የቶማስ ቤኬት መቃብር፣ ወርቁና ዕንቁው ሃያ ስድስት ጋሪ ሞላ ሲባል የኖረው፣ ድራሹ ጠፋ። የፔናንትም ፈረሰ። ልዩነቱ እዚያ የሚዘረፍ ወርቅ አልነበረም፤ የተጠረበ ድንጋይ ነው ያለው። ድሃ አጥቢያ ደግሞ የተጠረበ ድንጋይ አይጥልም። ሲቀጥልና ሲጠግን ግድግዳው ውስጥ ከተተው፣ የቅጽሩ በር ላይ ካለው ሕንፃ ውስጥም ሰካው። የሐረግ ቅርጽ ያለበት ድንጋይ እንደ ተራ ድንጋይ 400 ዓመት ዝናብ ሲመታው ኖረ። ሀብታም ደብር ቢሆን ኖሮ በ18ኛው ወይም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁሉን አፍርሶ አዲስ ይሠራና ድንጋዩ ይጠፋ ነበር። ድህነት ነው ያስቀመጠው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጥኚዎች ድንጋዮቹ የአንድ ነገር ቁርጥራጭ መሆናቸውን አስተዋሉ። በ1958 ከግድግዳው ወጥተው በዚያች የመቃብር ክፍል ውስጥ ተገጣጠሙ። አገጣጠሙ ግን ብዙ ጥርጣሬ ነበረበት። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቁፋሮው ላይ ተመሥርተው እንደገና ፈትተው አሁን ባለበት መልክ ቅድስቱ ውስጥ አቆሙት። ዛሬ ያዩት ቅርጽ እንግዲህ ግማሹ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ግማሹ የዘመናችን ባለሙያዎች ግምት ነው። ይህን ማወቅ ውበቱን አይቀንሰውም፤ ግን ይታወቅ።

ያው የ1538 ትእዛዝ ሌላም ነገር ይዟል፦ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር የሚመዘገብበት መዝገብ ይያዝ። ቅድስቲቱን ያፈረሰው ወረቀት የገበሬውን ስም መጻፍ ጀመረ። በዌልስ ብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ጠፍተዋል፤ የተረፉት በአብዛኛው አበሪስትዊዝ ባለው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የዚህ አገር ዘር የሚቆጥር ሰው እዚያ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ምክንያቱም ገጠሩ ለረጅም ጊዜ የቤተሰብ ስም አልነበረውም፤ እንደ እኛው ሰው በአባቱ ስም ነው የሚጠራው። አበሻ ቢያነበው ከእንግሊዙ ይልቅ ቶሎ ይገባዋል።

ሃይማኖቱ ከካቶሊክ ወደ ፕሮቴስታንት ሲለወጥ ትልቁ ችግር ቋንቋ ነበር። በ1549 የወጣው አዲሱ የጸሎት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ የፔናንት እረኛ ደግሞ አንድ ቃል እንግሊዝኛ አይሰማም። ላቲኑንም አይሰማም ነበር፣ ግን ለላቲኑ ለምዶታል። በ1563 ፓርላማው መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጽሐፉ በዌልስኛ ይተርጎሙ የሚል ሕግ አወጣ። ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ለኅትመት ያበቃው ዊሊያም ሞርጋን ነው፣ በ1588። ሥራውን የሠራው ከዚያው ከታናት አካባቢ፣ ከፔናንት ብዙ በማትርቀው በላንራያደር ቄስ ሆኖ ነው። ዌልስኛ ዛሬ በሕይወት ያለው በዚያ መጽሐፍ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

ከቅድስቲቱ ግን ሕዝቡ ቶሎ አልተላቀቀም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢውን የጎበኘው የጉዞ ጸሐፊ ቶማስ ፔናንት እንደጻፈው፣ ከእሱ በፊት እስከነበረው መቶ ዓመት ድረስ በዚያ አጥቢያ ጥንቸል የሚገድል ሰው አልነበረም። ኋላም ቢሆን ውሻ ጥንቸል ሲያባርር ያየ ሰው «እግዚአብሔርና ሜላንገል ይሁኑሽ» ብሎ ከጮኸላት በእርግጥ ታመልጣለች ይባል ነበር። ፕሮቴስታንት ከሆኑ ከ200 ዓመት በኋላ ነው እንግዲህ!

ቀጥሎ ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ የዌልስ ገጠር ሁሉ ታሪክ ነውና። የሜቶዲስቶች (የፕሮቴስታንት አንድ ወገን ናቸው) መነቃቃት መጣ፣ ሕዝቡ ወደ ትንንሽ የጸሎት ቤቶች ሄደ። ከደቡብ በኩል ካለ ጎረቤት አጥቢያ የተነሳችው አን ግሪፊዝስ፣ በ1805 ገና በ29 ዓመቷ የሞተችው፣ መዝሙሮቿ ዛሬም ይዘመራሉ። የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን በዌልስ የመንግሥት ሃይማኖት መሆኗ በ1920 ቀረ። ላንገኖግ ላይ በ1904 ባቡር ገባ፣ በ1951 መንገደኛ መጫን አቆመ። ማዕድኑም ድንጋዩም አለቀ፤ ወጣቱ ወጣ። ከዚህ ዘመን አንድ ስም ብቻ ልጥራ፦ ታዋቂዋ የበገና ደርዳሪ ናንሲ ሪቻርድስ በ1979 ስታርፍ የተቀበረችው እዚያው ቅጽር ውስጥ ነው። ቢመለሱ መቃብሯን ይፈልጉ።

በ1980ዎቹ ቤተክርስቲያኗ ልትወድቅ ተቃርባ፣ ትፍረስ የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር። ያዳኗት አንድ ቄስና ባለቤታቸው ናቸው፤ ሸለቆው ውስጥ ያለ ቤት ገዝተው ገቡና ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለአራት ማዕዘን ሆና የተሠራችው የመቃብር ክፍል ፈርሳ፣ በቁፋሮ በወጣው የጥንቱ መሠረት ላይ እንደገና ግማሽ ክብ ሆና ቆመች። እድሳቱ በ1992 ተጠናቀቀ። ቤቱ ለካንሰር ሕሙማን ማረፊያና መጽናኛ ሆኖም አገልግሏል። መማጸኛ የሚለው ነገር መልኩን ቀይሮ ቀጠለ ማለት ነው።

እንደገና ከሄዱ ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ መቃብሩን ከሩቅ ፎቶ አንስተው አይመለሱ፤ ጠጋ ብለው አሮጌውን ድንጋይ ከአዲሱ ይለዩ። አሮጌው ጠርዙ የተበላ ነው፣ ቅጠሉና ሐረጉም በእጅ የተፈለፈለ እንደሆነ ያስታውቃል፤ አዲሱ ለስላሳ ነው። ሁለተኛ፣ በዓሏ ሜይ 27 ነው፣ በዚያ ሰሞን ተሳላሚ ይበዛል። በእግር መሄድ ለሚፈልግ ፖንት ሎጌል ከምትባል መንደር ተነስቶ 24 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወስድ የተሳላሚዎች መንገድ አለ። በመኪና ከሆነ ከላንገኖግ በኋላ ያለው መንገድ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው፤ ከፊት ለፊት ትራክተር ከመጣ የኋሊት የሚነዱት እርስዎ ነዎት።